የልጆች እናት ሱባኤ ብትገባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ሲሆን የአሥር፣ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች አሉኝ። በአንድ ሆስፒታል በረዳት ነርስነት የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ። ያደግሁት አዲስ አበባ በካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ሲሆን በዚህ ጉዳይ ተከባብረን እንኖራለን። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ብቻዬን ሆኜ የጸለይኩበት አንድ ሙሉ ቀን ትዝ አይለኝም። ዳዊቴን ስገልጥ አንዱ ልጅ ይጠራኛል፤ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ መጽሐፉን ደረቴ ላይ እንዳደረግሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በኬንታኪ ስላለው የጌቴሴማኒ ገዳም አጫወተችኝ፤ እርሷ በየዓመቱ ሦስት ሌሊት እዚያ አድራ ትመለሳለች። እኔም ብቻዬን ሄጄ ሱባኤ ልግባ ብዬ ባነሣ ባለቤቴ «ልጆቹን ይዘን አብረን ለምን አንሄድም?» አለኝ። ከአገር ቤት ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ደግሞ «የልጅ እናት ሱባኤዋ ጓዳዋ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ንግግራቸው ከልቤ አልወጣም። ልጆቼን ትቼ መሄዴ ራስ ወዳድነት ይሆን? በእንግሊዝኛ በሚጸለይበት የፈረንጅ ገዳም ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ምን እሠራለሁ? ለትንሿ ልጄስ ምን ብያት ልሂድ?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከኮሎምበስ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ የስድስት ዓመት ሳለች ባልደረባዎ በነገረችዎት በዚያው ገዳም ሦስት ሌሊት አድሬ ተመልሻለሁና፣ የምመልስልዎ ካነበብኩት ብቻ ሳይሆን በእግሬ ሄጄ ካየሁትም ጭምር ነው። አሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ ይሂዱ። ነገር ግን ጉዞው አጭር፣ ባለቤትዎ ከልቡ የተስማማበትና ልጆቹም እውነቱን የሚያውቁት ይሁን።

የአማትዎን ንግግር በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም፤ ግማሹ እውነት ነውና። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት በጻፈው ባለ 73 ምዕራፍ ሥርዓት፣ በ31ኛው ምዕራፍ ላይ፣ የገዳሙ መጋቢ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንደ መሠዊያው ንዋየ ቅድሳት አድርጎ እንዲይዝ ያዝዛል። ድስቱም መጥረጊያውም መቆፈሪያውም ማለቱ ነው። ስለዚህ ጓዳ የጸሎት ስፍራ መሆኑን አማትዎ ከመነኮሳት አባት ጋር ተስማምተው ተናግረዋል፤ ይህንንም ቢነግሯቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ያልተናገሩት ሌላው ግማሽ ግን አለ። ቅዱሱ ጽዋ ቅዳሴው ሲፈጸም ታጥቦ፣ ተሸፍኖ በቦታው ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ በእጅ ይዞት የሚውል ካህን የለም። ያው የቤነዲክቶስ ሥርዓት፣ ሥራን እጅግ የሚያከብር ሆኖ ሳለ፣ ደወሉ ሲሰማ መነኩሴው በእጁ ያለውን ሁሉ ጥሎ ወደ ጸሎት እንዲፋጠን፣ ከእግዚአብሔር ሥራም ምንም እንዳያስቀድም በ43ኛው ምዕራፍ ያዝዛል። እርስዎ ከአሥር ዓመት በላይ ደወል ያልተደወለለት ሥራ ላይ ነዎት።

ጌታችንስ ለሐዋርያት ያላቸው ምን ነበር? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሚመጡትና የሚሄዱት ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ሳለ፣ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ መጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። ለመብላት ጊዜ ያጣ ሰው ማለት የትንንሽ ልጆች እናት መሆኗን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሲያነቡት ደግሞ ሕዝቡ በእግር ቀድሟቸው በማዶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ጌታም አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፤ መገባቸውም። እንግዲህ የሐዋርያት ዕረፍት የጀልባው ጉዞ ብቻ ነበር ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ጥሪው እውነተኛ ነበር። ሦስት ሌሊት ከዚያች ጀልባ ይረዝማል።

ራስ ወዳድነት ይሆን ወይ ላሉት፣ መለኪያው መሄድዎ ሳይሆን አካሄድዎ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንደኛ መልእክቱ ምዕራፍ 7 ባልና ሚስት ለጸሎት ይተጉ ዘንድ ሲለያዩ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ስምምነትና ለጊዜው መሆንን። ባለቤትዎ «አብረን ለምን አንሄድም» ማለታቸው መከልከል አልመሰለኝም፤ እንዲያውም አብሮ መሆንን የሚወድ ሰው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ከልጆች ጋር ወደ ገዳም መሄድ መንፈሳዊ ጉዞ ይባላል፤ መልካም ነው፤ በሌላ ጊዜ አብራችሁ ታደርጉታላችሁ። ሱባኤ ግን ሌላ ነው። በሱባኤ ሰው ከለመደው ድምፅ ሁሉ ተለይቶ በእግዚአብሔር ፊት ብቻውን ይቀመጣል፤ የአራት ዓመት ሕፃን ይዛ የሄደች እናት ደግሞ በቦታ እንጂ በአሳብ ከቤቷ አልወጣችም። ይህን በእርጋታ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ እርስዎም ከሌሊት ሥራ ተመልሰው ሳይሆን ዕረፍት ባደረጉበት ቀን ያስረዷቸው። ከሁሉም በላይ፣ እርስዎ ከመሄድዎ በፊት የእርሳቸውን ሦስት ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ አብረው ያመልክቱ፤ ለሱባኤም ይሁን ለሌላ፣ ቀኑ የእርሳቸው ይሁን። በቤት ውስጥ ብቻውን የመሆን ፈቃድ ለአንዱ ወገን ብቻ ሲሰጥ ቂም ይወልዳል።

አማትዎ ምናልባት የቅድስት ክርስቶስ ሠምራን ታሪክ ያነሡብዎ ይሆናል፤ ወይም እርስዎ ራስዎ አንሥተውት ይሆናል። እርሷ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ነበረች፤ ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በኋላም ወደ ጣና ሐይቅ ወደ ጓንጉት ሄዳለች። በካቶሊካውያን ዘንድም የቅድስት ጄን ደ ሻንታል ታሪክ አለ፤ ባሏ የሞተባት እናት ስትሆን፣ በ1610 የገዳም ማኅበር ልትመሠርት ከቤቷ ስትወጣ ገና ወጣት የነበረው ልጇ በደጃፉ ላይ ተጋደመባት፤ እርሷም እያለቀሰች ተሻግራው ሄደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል፤ ስለዚህ ለማጽናኛ ብዬ አላቀርብልዎም። የእነዚህ ቅዱሳት መንገድ ዓለምን ፈጽሞ መተው ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ ዓርብ ሄዶ ሰኞ መመለስ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መከራከር ለማንም አይጠቅምም። ለእርስዎ የሚቀርበው የጄን የነፍስ አባት የነበረው የቅዱስ ፍራንሲስ ደ ሳልስ ምክር ነው። ኤጲስ ቆጶስ እንደ ባሕታዊ መነኩሴ ብቻዬን ልኑር ቢል፣ ባለ ትዳሮችም ድህነትን እንደ መረጡት እንደ ካፑቺን መነኮሳት ምንም ሀብት አናከማች ቢሉ፣ ይህ ዓይነቱ መንፈሳዊነት ሥርዓት የሌለው እንደሚሆን አስተምሯል። የእናት ሱባኤ የእናት ልክ ይኑረው። ትንሿ ልጅዎ አራት ዓመቷ ነውና ሦስት ሌሊት ይበቃል፤ ሳምንት እንዲያድሩ አልመክርም።

አሁን ስለ ቦታው ላጫውትዎ። የጌቴሴማኒ ገዳም ከሉዊቪል ከተማ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል፣ በባርድስታውን አቅራቢያ ይገኛል፤ ከእርስዎ ከተማ ከአራት ሰዓት በላይ መንዳት ይጠይቃል። ከፈረንሳይ የመጡ መነኮሳት በታኅሣሥ 1848 የመሠረቱት ሲሆን፣ መነኮሳቱ ከሲታውያን ወገን፣ በተለምዶ ትራፒስት የሚባሉት ናቸው። ሲታውያን በ1098 በፈረንሳይ፣ በሲቶ፣ የቤነዲክቶስን ሥርዓት እንደ ቃሉ ለመኖር የተነሡ ናቸው። ስማቸው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጣልያን አገር በካዛማሪ ገዳም የሠለጠኑ የእኛው ልጆች ይህንኑ ሕይወት ከግዕዝ ሥርዓተ አምልኮ ጋር አዋሕደው በአስመራ፣ ኋላም በሰሜን ሸዋ በመንዲዳና በሌሎች ቦታዎች ኖረውታል፤ ምንም እንኳ ቅርንጫፋቸው ከትራፒስቶቹ ቢለይም። በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ብዙዎች ጌቴሴማኒን የሚያውቁት በ1941 በገባው በመነኩሴው ጸሐፊ በቶማስ ሜርተን ስም ነው፤ መቃብሩ እዚያው ከወንድሞቹ መካከል፣ እንደ እነርሱ ባለ ነጭ መስቀል ነው።

እንግዳ መቀበል ለእነዚህ መነኮሳት የሥርዓታቸው ክፍል ነው። በቤነዲክቶስ ሥርዓት 53ኛው ምዕራፍ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ሆኖ ይቀበሉት ዘንድ ታዝዟል፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለውን የጌታን ቃል ይዞ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የተወሰነ ክፍያ አልነበረም፤ እንግዳው ሲወጣ እንደ አቅሙ መባ ይሰጣል። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የራሷ መታጠቢያ አላት። ቦታው ቀድሞ ስለሚያዝ ወራት አስቀድመው ይመዝገቡ፤ የጾም ወቅት ከሆነም የሚበሉትንና የማይበሉትን ያን ጊዜውኑ ይንገሯቸው። ምግቡ በዝምታ ይበላል። የሚሰበክ ጉባኤ፣ የሚሞላ መርሐ ግብር የለም፤ የሚጠራዎት ደወሉ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን አያስገድድዎም።

ስለ ጸሎቱ አይስጉ፤ ከሚያስቡት በላይ ለእኛ ቅርብ ነው። እናቶቻችን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት እያሉ የሚቆጥሯቸውን ሰባት ጊዜያት ያገኟቸዋል። ቤነዲክቶስም እንደ እኛ አባቶች «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰገንሁህ» የሚለውን የዳዊት ቃል መሠረት ያደርጋል። እኔን ያስደነቀኝ አንድ ነገር ነበር። የቀትሩ ጸሎት በላቲን «ስድስተኛው ሰዓት» ተብሎ ይጠራል፤ ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን አይተው 12 ሰዓት ከሩብ ሲሉ፣ የእኔ ሰዓት በአገሬ አቆጣጠር 6 ሰዓት ከሩብ ይል ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የጸሎቱ ስምና የእጅ ሰዓቱ የተስማሙለት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በእኛ ሰዓት ልንገርዎት፤ የሌሊቱ ጸሎት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ፣ የንጋቱ ለ12 ሩብ ጉዳይ፣ ቅዳሴ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ፣ ሠለስት 1 ሰዓት ተኩል፣ ቀትር 6 ሰዓት ከሩብ፣ ተሰዓት 8 ሰዓት ከሩብ፣ ሠርክ 11 ሰዓት ተኩል፣ የመኝታው ጸሎት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነበር።

የአማርኛ ዳዊትዎን ይዘው ይሂዱ። ጸሎቱ በአብዛኛው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛው መጽሐፍ የመዝሙሩ ቁጥር ከእኛ ዳዊት በአብዛኛው በአንድ ስለሚበልጥ፣ 23 ሲባል የእርስዎን 22 ይግለጡ። መነኮሳቱ በየጥቅሱ መካከል ቆም ይላሉ፤ ግማሹን ይሉና ትንፋሽ የሚያስወስድ ዝምታ አድርገው ግማሹን ይቀጥላሉ። እኔ ዳዊትን ልጅ ሳይነሣብኝ ልጨርስ ብዬ በችኮላ የምደግም ሰው ስለ ነበርኩ በመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ቀድሜያቸው እገኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ነው እግሬ ከእነርሱ እግር ጋር የገጠመው። የመኝታውን ጸሎት ግን አያስቀሩ። ቤነዲክቶስ ለዚህ ሰዓት በየሌሊቱ እንዲደገሙ ካዘዛቸው መዝሙሮች አንዱ በእኛ ዳዊት 90ኛው ነው፤ አያቶቻችን በቃላቸው የሚደግሙት «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»። በጨለማ ውስጥ ይዘመራል። ከዚያ ለእመቤታችን የሚቀርበው ሳልቬ ሬጂና የተባለው ሰላምታ ይከተላል፤ በመጨረሻም አበምኔቱ መነኮሳቱንና እንግዶቹን ጸበል ይረጫቸዋል። አንገትዎን ዝቅ አድርገው ያችን ጠብታ ሲቀበሉ፣ ልጆችዎን አስተኝተው ግንባራቸው ላይ የሚያማትቡትን መስቀል ለእርስዎ ያደረገልዎ ሰው እንዳለ ይሰማዎታል።

ሦስት ቀን ዝም ብዬ ምን እሠራለሁ ላሉት፣ የመጀመሪያው ቀን መልስ እንቅልፍ ነው። ይህን ስል በሙሉ ልቤ ነው። ብዙ ወላጆች ሱባኤ ሲገቡ ዐሥር መጽሐፍ ይዘው፣ የሚጸልዩትን በዝርዝር ጽፈው ይሄዱና እንቅልፍ ሲጥላቸው ይጸጸታሉ። ከገዳሙ መንገድ ማዶ፣ በጫካው ውስጥ፣ በጌቴሴማኒ አትክልት ስፍራ የሆነውን የሚያሳዩ ሐውልቶች አሉ። በ1965 በአላባማ አንዲትን ጥቁር ወጣት ሴት ከጥይት ለማዳን ራሱን አሳልፎ ለሰጠው ለጆናታን ዳንኤልስ መታሰቢያ የቆሙ ናቸው። በቅድሚያ የሚያገኟቸው ሦስቱን ሐዋርያት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ተኝተዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ጌታ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ፣ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ይጸልያል። በዚያ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ጌታ የተኙትን ሲያገኛቸው «መንፈስስ ተዘጋጅታለች፤ ሥጋ ግን ደካማ ነው» አላቸው እንጂ ከደቀ መዛሙርትነት አላስወጣቸውም። ዳዊትዎን ደረትዎ ላይ አድርገው የሚተኙት እርስዎ ከእነዚያ ከሦስቱ አንዷ ነዎት፤ ከእርሱ ጋር በአንድ አትክልት ስፍራ ውስጥ።

ዝምታው ደግሞ ያልጠበቁትን ነገር ያሳይዎታል። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም በማይናገርበት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ፣ በሳህኔ ላይ ያለውን ድንች በትንንሹ ቆራርጬ፣ በሹካ ለይቼ፣ እፍ እያልኩ ሳቀዘቅዝ ራሴን አገኘሁት። ማንም የሚጎርሰው አልነበረም። እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ የእናትነቱን ሥራ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ኀዘን አልነበረም። ለስድስት ዓመት ያህል ስጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ለአንተ ጊዜ አጣሁ» እያልኩ ነበር፤ እጄ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያገለግለው ኖሯል። ይህን እቤት ሆኜ ማየት አልቻልኩም ነበር፤ ሁልጊዜ ድንቹን የሚበላው ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛልና። አማትዎ ስለ ጓዳው የተናገሩት እውነት ለእኔ የገባኝ ከጓዳዬ ርቄ ነው።

ለልጆችዎ እውነቱን ይንገሯቸው። እኔ በዚህ በኩል በድያለሁ። ልጄ እንዳታለቅስ ብዬ ለሥራ እንደምሄድ ነገርኳት። ከተመለስኩ በኋላ አንዲት ዘመዳችን በፊቷ «ገዳሙ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ልጄ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ለብዙ ሳምንት ሥራ ልሄድ ቦርሳዬን ባነሣሁ ቁጥር «የእውነት ሥራ ነው?» ትለኝ ነበር። ወደ ጸሎት ለመሄድ መዋሸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለአራት ዓመቷ ልጅዎ «እማዬ ልትጸልይ ትሄዳለች፤ ሦስት ጊዜ ተኝተሽ ስትነሺ ትመጣለች» ይበሏት፤ ሌሊቱን የምትቆጥርበት ሦስት ብስኩት ወይም ሦስት ሥዕል ይተውላት። የአሥር ዓመቱ ልጅዎ ደግሞ የሚጸለይለትን ነገር በወረቀት ጽፎ ይስጥዎት፤ ሳያነቡት ቢወስዱለት ይበልጥ ያከብርዎታል። ከባለቤትዎ ጋር አንድ የስልክ ሰዓት ይቁረጡ፤ ከመኝታው ጸሎት በፊት መኪናዎ ውስጥ ሆነው አሥር ደቂቃ ይነጋገሩ፤ ከዚያ ውጪ ስልኩ እዚያው መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ለአስቸኳይ ነገር የእንግዳ ማረፊያውን ቁጥር ለባለቤትዎ ይተውላቸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። በደብዳቤዎ የገለጹት ድካም ነው። ከድካሙ ጋር ለብዙ ሳምንት ያልለቀቀ ኀዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ቢተኙም እንቅልፍ እምቢ ማለት ካለ፣ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ረጅም ዝምታ ለታመመ አእምሮ ሸክም ሊሆን ይችላል፤ ገዳሙም ሕክምና አይደለም።

ባለቤትዎም በተራቸው ወደዚያ መሄድ ቢያምራቸው፣ መነኮሳቱ የማንኛውንም ቤተክርስቲያን ምእመን በእንግድነት ይቀበላሉ፤ በጸሎቱ ተገኝተው፣ በጫካው ተመላልሰው፣ የራሳቸውን ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ደግመው መመለስ ይችላሉ። ሥጋ ወደሙን ግን እዚያ አይቀበሉም፤ የቤተክርስቲያናቸው ሥርዓት አይፈቅድላቸውምና። አስቀድመው የነፍስ አባታቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው። እርስዎ ካቶሊክ እንደ መሆንዎ በላቲን ሥርዓት የሚቀደሰውን ቅዳሴ ማስቀደስም መቁረብም ይችላሉ፤ ኑዛዜም ከፈለጉ ካህን እንዲያገናኙዎ ይጠይቁ።

ሲመለሱ በዚያው ሌሊት ተረኛ እንዳይሆኑ ከወዲሁ ፈረቃዎን ያስተካክሉ። ወደ ሥራዎ በተመለሱበት ሌሊት ደግሞ 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰዓትዎን አይተው የሚያስታውሱት ነገር ይኖርዎታል። እርስዎ የሕሙማንን የደም ግፊት እየለኩ በኮሪደሩ በሚያልፉበት በዚያው ደቂቃ፣ ያዩዋቸው መነኮሳት መብራቱ በደበዘዘው ቤተክርስቲያን ውስጥ ለሌሊቱ ጸሎት ቆመዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሁለት ልጆች ለብቻዬ አሳድጋለሁ። ካቶሊክ ነኝ። ሱባኤ መግባት እሻለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹ እናታቸውን ካጡ ወዲህ ከዓይናቸው ስርቅ ስለሚጨነቁ አንድም ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር አልችልም። ምን ይመክሩኛል?

አንድ አባት

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ልጆቹ እስኪረጋጉ ድረስ ሌሊት ከቤት ውጭ አይደሩ፤ በዚህ ላይ ልብዎ የነገረዎት ትክክል ነው። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ1548 የታተመውን «መንፈሳዊ ልምምድ» የተባለውን የሠላሳ ቀን የጸሎት መመሪያ ሲያዘጋጅ ሠላሳ ቀን ተለይቶ መቀመጥ ለማይችል ሰው ቦታ ትቷል። በ19ኛው ማሳሰቢያው፣ በሥራና በኃላፊነት የተያዘ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እየወሰደ፣ በወራት ውስጥ፣ ያንኑ መንገድ በአጃቢ እየተመራ እንዲሄድ ያስተምራል። አንድ ሰዓት ተኩሉ ቢበዛብዎ እንኳ በግማሽ ሰዓት ይጀምሩ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት። የሚመራዎ ሰው ለማግኘት ኢግናጥዮስ የመሠረተው ማኅበር የኢየሱሳውያን የሆነውን፣ በቢሾፍቱ ያለውን የገሊላ የሱባኤ ማዕከል ይጠይቁ።

አንድ ቅዳሜም ልጆቹን ከሚወዷት አክስታቸው ወይም ከአያታቸው ጋር አውለው ጠዋት ወደ ቢሾፍቱ ይውረዱ፤ ለእራት ይመለሱ። የሚመለሱበትን ሰዓት ለልጆቹ ነግረዋቸው ከዚያች ሰዓት አንዲት ደቂቃ አይዘግዩ፤ እናታቸውን ላጡ ልጆች በሰዓቱ የተከፈተ በር ትልቅ ነገር ነው። ለቅዳሴ የሚሰጡትን የባለቤትዎን ስም በወረቀት ይዘው ይሂዱ። ስሟን ልጆቹ ይጻፉት።